ለደንበኞቻችን፦ አውቶሜሽኑን ከማብራታችን በፊት መዝገቡን የምናጠራው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደረሰን ነው። "አዲሱ የኦኤስኤስ ሲስተም ተተክሏል፣ ስልጠናውም አልቋል፣ ታዲያ ብልሽት ሲያይ ራሱ የሚያስተካክለውን ክፍል፣ አውቶሜሽኑን፣ ለምን አታበሩትም?" የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በስልክ ስናስረዳ ግን አንዱ ያለውን ሌላው ሳይሰማው ስለሚቀር፣ ሁላችሁም እኩል እንድታውቁት በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብለናል።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። የኢንቨንተሪ መዝገባችሁ፣ ማለትም የዕቃውና የመስመሩ ዝርዝር፣ መሬት ላይ ካለው ኔትወርክ ጋር እስኪገጥም ድረስ አናበራውም። ምክንያቱን ደግሞ ትንሽ ረዘም አድርገን እንንገራችሁ።

ኦኤስኤስ የምንለው ኔትወርኩን ከጀርባ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰውን የሶፍትዌር ስብስብ ነው። አላርም የሚሰበስበው፣ አፈጻጸም የሚለካው፣ ዕቃውንና መስመሩን የሚመዘግበው፣ አዲስ አገልግሎት የሚያበራው፣ የጥገና ቲኬት የሚከፍተው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። የደንበኛውን ኮንትራትና የክፍያ ቢል የሚይዘው ሌላው ሲስተም ቢኤስኤስ ይባላል፤ እሱን ለዛሬ እንተወው። ሥራው ራሱ አዲስ አይደለም። ብልሽት፣ ኮንፊገሬሽን (የዕቃው ቅንብር)፣ ሒሳብ፣ አፈጻጸም፣ ደህንነት የሚለው የድሮ አከፋፈል አሁንም ያገለግላል። የተለወጠው የምናስተዳድረው ነገር ነው።

ድሮ አንድ የኔትወርክ ዕቃ ማለት ራክ ላይ የተቀመጠ፣ ሴሪያል ቁጥር ያለው፣ ለዓመታት ከቦታው የማይነቃነቅ ሳጥን ነበር። መዝገቡ አንድ ወር ቢዘገይም ብዙ ጣጣ አያመጣም። በ2012 ታላላቅ ኦፕሬተሮች ተሰባስበው የኔትወርክ ሥራን ከሳጥኑ አውጥተን ተራ ሰርቨር ላይ በሶፍትዌር እናስኪደው ብለው ሐሳባቸውን በጽሑፍ አወጡ፤ ኤንኤፍቪ የሚባለውም በአውሮፓው የቴሌኮም ስታንዳርድ ተቋም በኢቲኤስአይ ሥር ከዚያ ተነሣ። ከዚያ 5ጂ መጣ። የ5ጂ ኮር፣ ማለትም የኔትወርኩ ማዕከል፣ የሞባይል ስታንዳርድ በሚያወጣው በስሪጂፒፒ ሪሊዝ 15 ሲደነገግ ገና ከመነሻው እርስ በርስ በኤፒአይ (ሶፍትዌሮች በሚገናኙበት በር) የሚነጋገሩ አገልግሎቶች ሆኖ ነው የተሠራው። ዛሬ እነዚያ አገልግሎቶች ብዙ ጊዜ ኮንቴይነር በሚባል የሶፍትዌር ጥቅል ውስጥ ይሠራሉ፣ ኮንቴይነሮቹን የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ደግሞ ሲያስፈልገው ካንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ያዛውራቸዋል። ጠዋት እዚህ የነበረው ከሰዓት እዚያ ነው። ይሄን በእጅ ጽፎ የሚደርስበት ሰው የለም።

በዚያ ላይ ስላይስ አለ። አንዱን አካላዊ ኔትወርክ ለተለያየ ጥቅም ከፋፍሎ መስጠት ማለት ነው። እያንዳንዱ ስላይስ 32 ቢት የሆነ መለያ ሊኖረው ይችላል፤ 8ቱ ዓይነቱን ይናገራሉ፣ 24ቱ አንድ ዓይነት የሆኑትን ይለያሉ። ስለዚህ የናንተ ደንበኛ ደውሎ "አገልግሎቴ ተቋረጠ" ሲላችሁ የትኛው ኬብል ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። አገልግሎቱ የትኛው ስላይስ ላይ ነው፣ ስላይሱ የትኞቹን የኔትወርክ ተግባራት ይጠቀማል፣ እነሱ የትኛው ኮንቴይነር ውስጥ ናቸው፣ ኮንቴይነሩ የትኛው ሰርቨር ላይ፣ ሰርቨሩ በየትኛው ስዊች፣ ስዊቹ በየትኛው ፋይበር፣ ፋይበሩ በየትኛው ቱቦ። ኢንቨንተሪ የምንለው ይሄን ሰንሰለት ነው። አንዷ ቀለበት ከተሳሳተች ከሷ በላይ ያለው ሁሉ ተሳስቷል።

አንድ ያጋጠመንን እንንገራችሁ፤ የደንበኛውን ስም አንጠቅስም። በሁለት ዋና ጣቢያዎች መካከል ሁለት የፋይበር መስመር ነበረው። መዝገቡ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ይሄዳሉ ይላል። ሲዘረጉም እንደዚያ ነበር። በኋላ መንገድ ሲሠራ አንደኛው "ለጊዜው" ወደ ሌላኛው ቱቦ ተዛወረ፣ ጊዜያዊ የተባለውም እዚያው ቀረ። ሥራውን የሠራው ቴክኒሽያን ለባልደረቦቹ በመልእክት ነግሯል። መዝገቡ ላይ ግን ማንም አልነካውም።

አንድ ሌሊት ቆፋሪ ማሽን ያንን ቱቦ በጠሰው። ሁለቱም መስመሮች ባንዴ ወደቁ። የኛ ሲስተም የሚያውቀው መዝገቡን ነው፣ በመዝገቡ መሠረት ደግሞ ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኛቸው ጫፍ ላይ ያለው ራውተር ብቻ ነው። ስለዚህ "የተበላሸው ራውተሩ ነው" ብሎ ደመደመ። ቲኬቱ ለራውተር ቡድን ሄደ። ልጆቹ መለዋወጫ ካርድ ተሸክመው በሌሊት ጣቢያው ድረስ ሄዱ። ራውተሩ ደህና ነበር። የፋይበር ቡድኑ እስኪጠራ ድረስ ያ ሁሉ ሰዓት ባከነ።

ጥፋቱ የኛም ነው። መዝገቡን ከኤክሴል ወደ ሲስተሙ ስንጭን ሜዳ ላይ ሳናረጋግጥ ነው የጫንነው። ደንበኛውን ይቅርታ ጠይቀናል፣ አሠራራችንንም የቀየርነው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን እስቲ አስቡት። ያን ሌሊት አውቶሜሽኑ በርቶ ቢሆን ኖሮ ሲስተሙ ቲኬት በመክፈት አይወሰንም ነበር። ራውተሩን ሪስታርት ያደርገው ነበር። ያ ራውተር ደግሞ በሌሎች መስመሮች የብዙ ሰው ትራፊክ በሰላም ያስተላልፍ ነበር። ሰው ቢሆን "ቆይ፣ ሌላው ትራፊክ እያለፈ እኮ ነው" ብሎ ያመነታል። ማሽን ማመንታት ካላስተማሩት አያመነታም፤ የተሳሳተ መዝገብ ከሰጠነው ስሕተቱን በፍጥነት ይፈጽመዋል።

"እሺ፣ መዝገቡ እስኪጠራ ከባድ አላርሞችን ብቻ አሳዩን፣ ቀላሎቹን አጥፉልን" ያላችሁንም አሉ። የተረኞቻችሁ ድካም ይገባናል። አንድ ፋይበር ሲቆረጥ ስክሪኑ በመቶዎች በሚቆጠር አላርም ይሞላል። ግን ይሄን እንዳታደርጉ እንለምናችኋለን። የአላርም ክብደት ደረጃ ከ1992ቱ ኤክስ.733 ስታንዳርድ የመጣ ነው፤ ክሪቲካል፣ ሜጀር፣ ማይነር፣ ዋርኒንግ፣ ያልተወሰነ እና የጠፋ (ብልሽቱ የተስተካከለ) ይላል። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ክብደቱን የሚሰጠው ከራሱ አንጻር ነው። የኦፕቲካል ምልክት ቀስ በቀስ እየደከመ መሆኑን የሚናገረው ማይነር (ቀላል የተባለው) አላርም የዋናው ችግር ምንጭ ሊሆን ይችላል፣ ክሪቲካሎቹ ደግሞ ውጤቱ ብቻ። ማይነሩን ደብቃችሁ ክሪቲካሎቹን ብታሳድዱ በሽታውን ትታችሁ ትኩሳቱን ማከም ይሆንባችኋል። አላርምን የሚቀንሰው መንስኤና ውጤትን አንድ ላይ ማሰር ነው። እሱም ያው የመዝገቡን ሰንሰለት ይፈልጋል።

ስክሪናችሁ ላይ ለቀናት ቀይ ሆኖ የቆየ፣ ስትሄዱ ግን ምንም ችግር የሌለበት ጣቢያ አጋጥሟችሁ ይሆናል። የኤስኤንኤምፒ ትራፕ፣ ማለትም ዕቃው ሁኔታውን የሚያሳውቅበት መልእክት፣ ብዙውን ጊዜ መድረሱን በማያረጋግጠው በዩዲፒ ነው የሚላከው፣ መንገድ ላይ ከጠፋ መልሶ የሚልከው የለም። "ብልሽቱ ተስተካክሏል" የሚለው መልእክት ከጠፋ አላርሙ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የባሰው ተቃራኒው ነው፤ "ተበላሽቷል" የሚለው ጠፍቶ ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆን። ለዚህ ነው ሲስተሙ በየተወሰነ ጊዜ የእያንዳንዱን ዕቃ የአላርም ዝርዝር እንደገና ጠይቆ እንዲያመሳክር ያደረግነው። ይሄ ክፍል አሁንም በርቷል፣ አታጥፉት።

በየ5 ደቂቃው የሚወሰደው የአጠቃቀም ልኬትም እንዳያዘናጋችሁ። አንድ ደቂቃ ጢም ብሎ ሞልቶ አራቱን ደቂቃ ሩብ ላይ የነበረ መስመር በአማካይ 40 በመቶ ሆኖ ይታያል። ደንበኛው ግን በዚያች አንድ ደቂቃ ጥሪው ተቆራርጧል። ስለዚህ ዋና ዋና መስመሮች ላይ ዕቃው ራሱ በየሴኮንዱ የሚልከውን ስትሪሚንግ ቴሌሜትሪ እናስገባለን። ሁሉም ቦታ ላይ ግን አይደለም፤ የማይነበብ ዳታ ማከማቸት ዲስክ መሙላት ነው።

ወደ ዋናው ሥራ እንመለስ። መዝገቡን የምናጠራው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ሲስተሙ ኔትወርኩን ራሱ ዞሮ ያያል፣ ያየውንም ከመዝገቡ ጋር ያነጻጽራል። መዝገብ ላይ ያለ ሜዳ ላይ ግን የሌለ ይገኛል። ሜዳ ላይ ያለ ማንም ያልመዘገበው ይገኛል። ሁለቱም ጋ ኖሮ የማይስማማም ይገኛል፣ የሚያስቸግረውም ይሄኛው ነው። ብዙ ሰው "ሜዳው ነው ትክክል፣ መዝገቡን በሱ አስተካክሉት" ይለናል። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። መዝገቡ የሚለው እንዲሆን የታሰበውን ሊሆን ይችላል፣ ሜዳው ላይ ያለው ደግሞ አንድ ሰው በሌሊት ቸኩሎ በእጁ ያስገባው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ልዩነት ሰው አይቶ ይወስናል። አሰልቺ ነው፣ እናውቃለን። ግን እዚህ ላይ አቋራጭ አላገኘንም።

ሌላው ደግሞ ምንም ሶፍትዌር ዞሮ የማያየው ነገር አለ። ቱቦ፣ የፋይበር መቀጠያ ሳጥን፣ የኦዲኤፍ (የፋይበር ማከፋፈያ ሰሌዳ) ፖርት አይናገሩም። በእግር ሄዶ ማየት፣ ፎቶ ማንሣት፣ ሌብል ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይሄ ስለሆነ የናንተን ሰዎች የምንፈልገው እዚህ ላይ ነው። በተለይ ለዓመታት ሜዳ ላይ የቆዩትን ቴክኒሽያኖች። አውቶሜሽን ሲመጣ ሥራችንን ያሳጣናል ብለው የሰጉ እንዳሉ ሰምተናል። የናንተ ኔትወርክ እውነተኛ መዝገብ ዛሬ ያለው እነሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እባካችሁ ሰዓት ስጧቸው፣ ከመደበኛው ሥራ ላይ እንደ ትርፍ አትጫኑባቸው።

ከጠራ በኋላ ደግሞ እንዳይበላሽ መጠበቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ለውጥ በሲስተሙ በኩል ብቻ ይገባል። "አሁን ላስተካክለውና በኋላ እመዘግበዋለሁ" የሚለው ነው ሁሉንም የሚያበላሸው። በሌሊት አስቸኳይ ሥራ ሲመጣስ? ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ቲኬቱ መዝገቡ ሳይስተካከል አይዘጋም።

ለውጡን የምናስገባው በተቻለ መጠን የዕቃዎችን ኮንፊገሬሽን ለመቀየር በተሠራው ፕሮቶኮል፣ በኔትኮንፍ ነው። የዚህ ታሪክ ደስ ይለናል። በ2002 የፕሮቶኮል ሠሪዎችና ኦፕሬተሮች አንድ ላይ ተቀምጠው ተወያዩ፣ ኦፕሬተሮቹም ኤስኤንኤምፒን ለክትትል እንጂ ለኮንፊገሬሽን ብዙም እንደማይጠቀሙበት በግልጽ ተናገሩ። ኔትኮንፍ በ2006፣ ያንግ የሚባለው የሞዴል ቋንቋ ደግሞ በ2010 የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ኔትኮንፍ ውስጥ እኛ የምንወደው አንድ ነገር አለ። አዲሱን ኮንፊገሬሽን አስገብተህ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ "አዎ፣ ይጽና" ካላልክ ዕቃው ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሌላ ካልተባለ ጊዜው 600 ሴኮንድ ነው። ተሳስተህ የራስህን መግቢያ ብትዘጋ እንኳ በ10 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ይከፈትልሃል። ዕቃው ይሄን የሚችል ከሆነ ያለሱ ምንም ለውጥ አናስገባም።

አውቶሜሽኑ የሚበራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም ደረጃ በደረጃ። መጀመሪያ ሐሳብ ብቻ ያቀርባል፤ "ይሄን ላደርግ ነበር" ይላል፣ ሰው አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የከለከላችሁትን ሁሉ ምክንያቱን ጻፉልን፣ ከፈቀዳችሁት ይልቅ የሚያስተምረን እሱ ነው። ቀጥሎ በቀላሉ ወደ ነበረበት የሚመለሱትን ሥራዎች ብቻ ያለ ፈቃድ እንዲሠራ እናደርጋለን። የቴሌኮም ኢንዱስትሪው ማኅበር ቲኤም ፎረም የኔትወርክን ራስን ማስተዳደር ከ0 እስከ 5 በደረጃ ከፍሎታል፤ 0 ሁሉም በእጅ፣ 5 ሁሉም በራሱ። እኛ የምናልመው መካከሉን ነው። 5ኛውን ዛሬ እንሸጥላችኋለን የሚል ቢመጣ፣ መዝገቡን እንዴት እንደሚያረጋግጥ በደንብ ጠይቁት።

አዲስ ዕቃ ልትገዙ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አሳውቁን። ሻጩ የቲኤም ፎረምን ክፍት ኤፒአይዎች፣ ቢያንስ 638ን ለአገልግሎት መዝገብ፣ 639ን ለሪሶርስ መዝገብ እና 642ን ለአላርም፣ ይደግፍ እንደሆነ እናጣራለን። "ይደግፋል" የሚል ወረቀት ብቻ አትቀበሉ። የትኛውን ቨርዥን እንደሆነ ይንገራችሁ፣ ፊታችሁም ይሞክረው።

ሌላ ሳንረሳው፣ ኦኤስኤስ የኔትወርኩን ሁሉ ቁልፍ የያዘ ሲስተም ነው። በአንድ የጋራ አካውንት የሚገቡ ቡድኖች አሁንም አሉ። ይሄን በዚህ ወር ውስጥ እንዝጋው። ኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 2ን "ፐብሊክ" በሚለው የይለፍ ቃል የምትጠቀሙ ካላችሁም ያ ቃል ሳይመሰጠር ነው የሚጓዘው፤ ወደ ቨርዥን 3 እናዛውራችሁ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ለአውቶሜሽኑ ክፍል የድጋፍ ክፍያ የሚጠየቀው ከበራበት ቀን ጀምሮ ነው። እስከዚያ ድረስ የከፈላችሁ ካላችሁ ወደሚቀጥለው ጊዜ ይተላለፍላችኋል።

አሁን የምንፈልገው የመዝገቡን ሥራ ከናንተ ወገን የሚይዝ አንድ ሰው ነው። ሥልጣን ያለው ብቻ ሳይሆን ሜዳውን የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። ማን እንደሆነ ለዚሁ ደብዳቤ መልስ ጽፋችሁ አሳውቁን። የመጀመሪያው የማነጻጸሪያ ሪፖርት ሲደርሳችሁ የልዩነቱ ብዛት እንዳያስደነግጣችሁ፣ እስካሁን ባየናቸው ኔትወርኮች ሁሉ ብዙ ነው። ሪፖርቱን ለብቻችሁ አትጀምሩት፤ ደውሉልን፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አብረን እናያቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኦኤስኤስ ድጋፍ ቡድኑ