ስለ አጋዘኑ ሥጋ ለጠየቅሽኝ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጥርስሽንስ ታየሽው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሚኒሶታ ብርዱ ገብቷል፣ ቤቴ ግን ይሞቃል፤ እሱን አታስቢ።

በቀደም በስልክ «በአጋዘን ሥጋ ፓስታ ፎርኖ ሠራሁ» ስልሽ ድምፅሽ ተለወጠ። «የዱር አውሬ ደግሞ ምን በወጣህ!» አልሽኝ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ጭንቀት ላይ ጥዬሽ እንዳላድር ሁሉንም ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ከየት ገዛኸው ላልሽው፣ አልገዛሁትም። እዚህ ታድኖ የተገኘ የአጋዘን ሥጋ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። ወይ ራስህ ታድናለህ፣ ወይ የሚያድን ወዳጅ ይሰጥሃል። ለእኔ የሚሰጠኝ ጎረቤቴ ነው። ካንቺ ዕድሜ ብዙም የማያንስ ሽማግሌ ነው፣ አደን የለመደው ከአባቱ ነው። የጠመንጃ አደኑ የሚከፈተው በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ አዳኞቹ እርስ በርስ እንዳይመታቱ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ለብሰው ጫካ ይገባሉ።

ይበላል ወይ ላልሽው ደግሞ፣ አጋዘን ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ጋር ተቆጥረዋል። ጎረቤቴ ክርስቲያን ነው፤ እንደጣለው ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ደሙን ያፈሳል። በእኛ ወግ ተባርኮ አለመታረዱ ግን እንደሚከነክንሽ አውቃለሁ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂልኝ፤ የሚሉትን እሰማለሁ። ጾሙንም እንደያዝኩ ነው። የሠራሁት ኅዳር 15 ሳይገባ ነው፣ የተረፈው ሥጋ ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል።

በሽታውንም ፈርተሻል። እውነት ነው፣ እዚህ አጋዘኖችን እያመነመነ የሚገድል በሽታ አለ። ማብሰል አያጠፋውም። ወደ ሰው ተላልፎ አልተገኘም፣ ግን የታመመው እንዳይበላ ይመክራሉ። ጎረቤቴ ከአንገቱ ሥር ያለውን ንፍፊት ለምርመራ ይሰጣል፤ ነፃ ነው የሚል ውጤት ሳይመጣ አንዲት ቁራጭ አይሰጠኝም። የሚተኩስበትም ጥይት የመዳብ ነው። የእርሳስ ጥይት ተሰባብሮ ሥጋው ውስጥ ስለሚቀር ነው የተወው። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ባይሆን እኔም ከእጁ አልቀበልም ነበር።

አሁን ወደ ምግቡ። ሥጋው ከበሬ ይጠቁራል፣ ወደ ጉበት ቀለም ይሄዳል። ጮማ የሚባል ነገር የለውም። ያለችውንም ስብ ቆርጬ እጥላታለሁ፤ ቀዝቀዝ ስትል እንደ ሻማ ላንቃ ላይ ትረጋለች። ከዚያ ሥጋውን የሸፈነውን ስስ ነጭ ጅማት እገፋለሁ። የቢላዋውን ጫፍ ከሥሩ አሾልካለሁ፣ ስለቱን ትንሽ ቀና አድርጌ ጅማቱን በግራ እጄ ወጠር አድርጌ እጎትታለሁ። ጅማቱ ይላጣል፣ ሥጋው አይጎዳም። አንቺ ለክትፎ ሥጋ ስታጠሪ አጠገብሽ ቆሜ ያየሁት ነው። ክትፎ ግን አላደርገውም፣ አትስጊ። የዱር ሥጋ ጥሬውንም ለብ ለብ ተደርጎም አይበላም።

አንድ ትሪ 700 ግራም የተፈጨ ሥጋ ይበቃዋል። ቁሌቱ ያንቺ ነው። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በዝግታ። ከዚያ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ። እዚህ ላይ ቅቤ መሰሰት አይገባም፤ ሥጋው የራሱ ስብ ስለሌለው ካልረዱት ይደርቃል፣ እንደ አሸዋም ይበተናል። ሥጋው ሲገባ 800 ግራም የቆርቆሮ ቲማቲምና አንድ የተፈቀፈቀ ካሮት እጨምራለሁ። የጥብስ ቅጠልም እጥልበታለሁ፤ ለዱር ሥጋ የእሱን ያህል የሚስማማ አላገኘሁም። ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በትንሽ እሳት። እየመጠጠ ሲሄድ ሙቅ ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ።

መኮሮኒው 450 ግራም ነው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ቀደም ብሎ ከውሃው ይወጣል፤ ቀሪውን ከስጎው ጠጥቶ ይጨርሳል። ቤሻሜሉን ታውቂዋለሽ። 60 ግራም ቅቤ፣ 60 ግራም ዱቄት፣ ሦስት አራተኛ ሊትር ወተት፣ ቁንጥር ገውዝ። እያፈራረቁ መደርደር፣ ላዩ ላይ ቺዝ፣ ከዚያ 190 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ። 25 ደቂቃ በፎይል ተሸፍኖ፣ 15 ደቂቃ ተገልጦ። መሃሉ ቢያንስ 71 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትር አያለሁ። ወጥቶ ሩብ ሰዓት ካላረፈ ሲቆረጥ ይፈርሳል።

እማዬ፣ ይሄን በቀይ የበሬ ሥጋ እዚያው ቤት መሥራት ይቻላል። ብዙ ስለሚበስል ለጥርስሽ አያስቸግርም። ሥጋ ካቆምሽ ወዲህ መክሳትሽን እህቴ ነግራኛለች። ለገና እሷ ትሥራልሽ፣ ከባዱን ትሪ አንቺ እንዳታነሺ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኮረሪማውን ስጎው ውስጥ ልጨምረው አስቤ ነበር። ከቁሌቱ ጋር ይግባ ወይስ ሊወጣ ሲል? ቅቤው ውስጥ ያለው ይበቃል ካልሽም እተወዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ፣ ያኔ ንገሪኝ።

ጉልበትሽን እየሳምኩ፣
ልጅሽ