ውሃ እንደልቤ እየጠጣሁ ነው

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ጓደኛዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንዴት ከርመሻል? እማማ ደህና ናቸው? አዳማ ተስማማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ የእውነት ደህና።

የላክሻቸው መልእክቶች ሁሉ ደርሰውኛል። ያኔ ለመመለስ አቅሙ አልነበረኝም። ከኩላሊት እጥበት ስወጣ ቀና ብዬ መቀመጥ እንኳ ያቅተኝ ነበር። ከዚያ ንቅለ ተከላው መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ማለቂያ የሌለው ቀጠሮ። በቴክስት የሚያልቅ ወሬ አልነበረም። አሁን ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልንገርሽ።

ኩላሊቱን የሰጠኝ አባባ ነው። እማዬ ነበረች ቀድማ «የኔን ውሰዱ» ያለችው፤ ግን የደም ዓይነታችን አልገጠመም። አባባን ታውቂው የለ፣ ስለ ራሱ አንድ ነገር አይወጣውም። ከሰመመን ሲነቃ ነርሷን የጠየቃት «የሷ ሽንት መጣ ወይ?» ብሎ ነው። የተተከለው ኩላሊት ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በሽንት እንደሆነ ሐኪሞቹ ቀድመው ነግረውት ነበር። መጥቶ ነበር። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ አለቀስኩ፤ ስፌቱ እያመመኝ አለቀስኩ። እኛ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል። እኔና አንቺ ያኔ ገና ሕፃናት ነበርን። እማዬ እስካሁን «እንኳን ዛሬ ሆነ፣ ያኔ ቢሆን ምን ይውጠን ነበር» ትላለች።

ስለ ውሃው ልንገርሽ። እጥበት ላይ ሳለሁ ሽንት ስለማይወጣኝ የጠጣሁት ሁሉ ሰውነቴ ውስጥ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ውሃ በልክ ነበር። በድሬ ሙቀት አስቢው! ሚያዝያ ላይ ግድግዳው ራሱ ሲግል፣ እኔ ጉንጬ ውስጥ አንዲት ቁራጭ በረዶ ይዤ እስክትሟሟ እጠብቃለሁ። እህቶቼ ከፊቴ ውሃ ላለመጠጣት ጓዳ እየገቡ ይጠጡ ነበር። የምጠጣው ስኒ ሲያልቅ ስኒውን አገላብጬ አየው ነበር። አሁን ደግሞ ትእዛዙ ተገለበጠ። ጠጪ፣ አብዝተሽ ጠጪ፣ ኩላሊቱ እንዳይደርቅ። ትልቅ ኮዳ ይዤ ነው ክፍል የምገባው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ መምህር በትምህርት ሰዓት ውሃ መጠጣትም ሽንት ቤት መውጣትም አይፈቅዱም ነበር። አባባ የሐኪም ወረቀት ይዞ ሄዶ አነጋገራቸው፤ አሁን እጄን ሳላወጣ ወጥቼ እመለሳለሁ። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስልሽ ይችላል። ለኔ ግን ውጤት ካርዴ ላይ ከሚጻፈው ሁሉ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ። አንቺና እነዚያ ሁሉ ልጆች 12ኛ ገብታችኋል፣ እኔ ከታናናሾቻችን ጋር 11ኛ ነኝ። ማስክ አድርጌ ስገባ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ኋላ ሄደች። በሽታው የሚተላለፍ መስሏት ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከኔ ወደ ማንም የሚሄድ የለም፣ እኔ ነኝ ከሰው የምፈራው። የምወስደው መድኃኒት የሰውነቴን መከላከያ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያለዚያ ሰውነቴ የአባባን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ስለዚህ የአንድ ልጅ ጉንፋን ለኔ ጉንፋን ብቻ ላይሆን ይችላል። ታክሮሊመስ የሚባለውን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ነው የምውጠው፣ አይዘለልም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ሌላው መድኃኒቴ ደግሞ ፊቴን ነፍቶታል፣ ቡግርም አውጥቶብኛል። መጠኑ እየቀነሰ ሲሄድ ፊቴም ይመለሳል ተብያለሁ። ስትመጪ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ልጅቷን የመለሳት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ። መምህራችን «ሰው ሁለት ኩላሊት አለው» ሲሉ እጄን አወጣሁና «እኔ ሦስት አለኝ» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነት ነው እኮ! የድሮዎቹን አብዛኛውን ጊዜ አያወጧቸውም፣ ባሉበት ይተዋቸዋል። አዲሱ የሚቀመጠው ከፊት ለፊት፣ ከሆድ በታች ወደ ጎን ነው። እጄን ሳሳርፍበት ይታወቀኛል። መምህሩ ጠመኔውን ሰጥተውኝ ሰሌዳው ላይ ሣልኩት፤ ደም ስሩ ከየት እንደሚቀጠል፣ የሽንት ቱቦው የት እንደሚገባ አሳየሁ። በዕረፍት ሰዓት ልጅቷ መጥታ ክንዴ ላይ ያለውን እብጠት መንካት ፈለገች። ለእጥበት ተብሎ ሁለት ደም ስሮች የተገናኙበት ቦታ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ይርገበገባል። ነካችው፣ «ወላሂ ሕይወት አለው!» አለች። አሁን አንድ ዴስክ ላይ ነን።

ግን ከመራቅም የባሰ ነገር አለ፣ እሱን ላንቺ ብቻ ነው የምለው። ከንፈር መምጠጥ። ከዚራ ሰፈር ባጃጅ ውስጥ የማላውቃት ሴትዮ «ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜዋ!» ብላ ታለቅሳለች። ቤት ዕቃ ልጠብ ስል ሳህን ይነጥቁኛል። ፈተና ላይ ስወድቅ «አይዞሽ፣ ዋናው ጤናሽ ነው» ይሉኛል። ዋናውማ ጤናዬ ነው፣ ግን ሒሳብም እፈልጋለሁ። አባባ ሆዱን የተቀደደው እኔ ቤት ተቀምጬ እንድታዘንልኝ አይደለም። ስሳሳት «ተሳስተሻል» የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። አንቺ ነበርሽ እንደሱ የምትዪኝ።

ሌላውን ለምጄዋለሁ። ጎረቤታችን በፍቅር የምታመጣልኝ የግመል ወተት ካልተፈላ አይሆንም፣ ጥሬ ሥጋ የለም፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያዝልኝ ቅጠልና ሥርም ቀርቷል። በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ ትኩሳት ድሬን ሁሉ አልጋ ላይ የጣለበትን ጊዜ ታስታውሽ የለ? ያቺ ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው፤ ስለዚህ በዚህ ሙቀት እጅጌ ሙሉ ለብሼ፣ መከላከያ ቅባት ተቀብቼ ነው የምማረው። እማዬ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላ ነበር። ታኅሣሥ 19 ስለቷን ልታገባ ትሄዳለች፣ እኔ ግን ሕዝቡ ስለሚበዛ ዘንድሮ ቤት እቀራለሁ። ብትመጪ አብረን እንውል ነበር።

አሁን የሚያስጨንቀኝ የሚመጣው ዓመት ነው። እንደምታውቂው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና አብዛኛው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ነው የሚፈተነው። መድኃኒቴን ይዤ መግባት፣ ኮዳዬ፣ ንጹሕ ምግብ፣ ብዙ ሰው የሚተኛበት ዶርም... ከወዲሁ ለማነጋገር አባባ ወረቀት እያሰባሰበ ነው። አንቺ ዘንድሮ ስለምትገቢ ሁሉን ነገር አይተሽ ንገሪኝ። ሽንት ቤቱ ከመፈተኛው ምን ያህል ይርቃል? የመጠጥ ውሃ አለ? ምግቡ ትኩስ ነው? ሌላ ሰው ብጠይቅ «አንቺ አትጨነቂ» ነው የሚለኝ።

የ11ኛ ክፍል ደብተሮችሽን ካልጣልሻቸው ወደ ድሬ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። የኬሚስትሪውን አስቀድሚልኝ፣ እሱ ላይ ነው ወደ ኋላ የቀረሁት። ስትደውዪ ከማታው 1 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ መድኃኒቴን ውጬ እጠብቅሻለሁ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ
ከድሬዳዋ