አሳውን ከመጨመራችሁ በፊት ውሃውን እዩት

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

የከተማ ሀይቆችና ግድቦች ላይ አሳ ተጨምሮ ሰው በመንጠቆ እንዲዝናናባቸው ስለማድረግ ያወጣችሁትን ፅሁፍ አንብቤ ነው ይሄን የምፅፈው። በሀሳቡ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ እንደውም ዘግይቷል ባይ ነኝ። ከተማ ውስጥ ያለ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ታጥሮ ከሩቅ የሚታይ ነው ወይ ቆሻሻ መጣያ ነው፣ ልጆች ደግሞ አሳ የሚያዩት ስልክ ላይ ነው። አንድ ልጅ ዘንግ ይዞ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ክሩ ሲሳብ እጁ ላይ የሚሰማውን ነገር አንዴ ካወቀው ያን ውሃ የኔ ማለት ይጀምራል። እኔ እንዳየሁት ፍሳሽ ሲገባ፣ የውሃው ቀለም ሲቀየር፣ የሞተ አሳ ሲታይ ቀድመው የሚጮሁት ዳር ላይ የሚያጠምዱት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ይሄን የምፅፈው ለመቃወም አይደለም።

ያልተዋጠልኝ ፅሁፉ ሁሉንም ነገር አሳው ውሃ ውስጥ በሚገባበት ቀን ላይ መጨረሱ ነው። ይሄን ያህል ሺህ የአሳ ጫጩት ተጨመረ ይባላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እንግዶች ይሄዳሉ፣ ከዛ በኋላ ስንቱ በህይወት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። እስቲ ያን ቀን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጫጩቶቹ የሚመጡት ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ነው፣ ረጅም መንገድ ተጉዘዋል፣ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን ሀይቁ ዳር ዳሩ ላይ በቀን ፀሀይ 26 ደርሶ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ደግሞ ንግግር ስላለው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ዝርግፍ ይደረጋሉ፣ ሲዋኙ ስለሚታዩ ሰው ያጨበጭባል። የአሳ ሰውነት ግን እንደኛ የራሱን ሙቀት ጠብቆ አይቆይም፣ ድንገት እንደዛ ሲቀየርበት ይደነግጣል፣ አንዳንዱ እዛው ይሞታል፣ ሌላው በሚቀጥሉት ቀናት በበሽታ ያልቃል። የሞተ ትንሽ አሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ወይ ወፍ ይለቅመዋል ወይ ሌላ አሳ ይበላዋል፣ ስለዚህ ማንም አያየውም። ትክክለኛው አሰራር ምንም ብር አይጠይቅም እኮ፣ ላስቲኩን ሳይከፍቱ ውሃው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማንሳፈፍ፣ ከዛ ከፍቶ የሀይቁን ውሃ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ መጨመር፣ ከዛ ላስቲኩን ዘንበል አድርጎ ራሳቸው እንዲወጡ መተው፣ ይሄንንም በጠዋት ወይ ፀሀይ ከበረደች በኋላ ማድረግ። ንግግሩ ይቆያል፣ አሳው አይቆይም።

ከዚ የሚብሰው ግን የውሃው ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ሀይቁ ሰፊ ነው፣ ውሃ አለው፣ ስለዚህ አሳ ይኖርበታል ብሎ ያስባል። አሳ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። በባህር ጠለል ከፍታ ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ንፁህ ውሃ በሊትር 11 ሚሊግራም አካባቢ ይይዛል፣ 30 ዲግሪ ሲሆን ወደ 7.5 ይወርዳል፣ ቦታው ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዛም ይቀንሳል። አብዛኛው አሳ ደህና ሆኖ እንዲኖር 5 ሚሊግራም አካባቢ ወይም ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ ወደ 2 ሲወርድ ብዙው አሳ ጭንቅ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሞቃት ውሃ ላይ ከመጀመሪያውም ያለው ትርፍ ጠባብ ነው።

የከተማ ውሃ ላይ ደግሞ የጎርፍ፣ የሽንት ቤትና የማዳበሪያ ፍሳሽ ይገባበታል፣ አልጌ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር በሱ ይፋፋል፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አልጌው ቀን ፀሀይ እያለ ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደማንኛውም ፍጥረት ይተነፍሳልና ያንኑ ኦክስጅን መልሶ ይጠቀማል። በዚህ የተነሳ ከሰአት በኋላ መጥቶ የለካ ባለሙያ በጣም ጥሩ ቁጥር አግኝቶ ይሄዳል፣ ያው ሀይቅ ግን ሊነጋ ሲል አሳው ሁሉ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ከውሃው ገፅ ላይ አየር ሲለምን ታገኙታላችሁ። እንደዛ አይነት ጠዋት ዳር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፣ ትልልቆቹ ናቸው ቀድመው የሚያልቁት፣ ትንንሾቹ ዳር ላይ ተጠግተው ይተርፋሉ። ከቀትር በፊት ሰፈሩ ሁሉ መርዝ ተጨመረበት ይላል፣ አንዳንዴ እውነት መርዝ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ግን ኦክስጅን አልቆ ነው። ጠለቅ ያለ ግድብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ለወራት ኦክስጅን ሳያገኝ ይቀመጥና ብርድና ንፋስ ሲመጣ ይገለበጣል፣ ከላይኛው ጋር ይቀላቀላል፣ አሳው መሄጃ ያጣል። እንደዚህ አይነት ውሃ ላይ ሺህ አሳ መጨመር ማለት እንጀራው ባልበቃበት ቤት እንግዳ መጥራት ነው። መጀመሪያ ሊነጋ ሲል ይለካ፣ ከላይም ከታችም ይለካ፣ በተለያየ ወቅት ይለካ፣ ፍሳሹ ከየት እንደሚገባ ይታወቅና ይዘጋ። ይሄ ሳይሆን ለጫጩት የሚወጣው ገንዘብ ውሃ በላው ነው።

ሌላው የአሳው አይነት ነው፣ እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ አለብን። የአለም የተፈጥሮ ጥበቃ ህብረት ባወጣው የ100 ክፉ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ላይ 8 አሳዎች አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ሬይንቦ ትራውት፣ ብራውን ትራውት፣ ትልቅ አፍ ባስ፣ ካርፕ እና ናይል ፐርች ይገኙበታል። እነዚህን አሳዎች አጥማጅ የሆነ ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል፣ መንጠቆ ላይ ሲታገሉ ደስ ይላሉ፣ በየአህጉሩ የተዛመቱትም አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ካርፕን ብትወስዱ በ1877 የአሜሪካ መንግስት ራሱ ነው ከጀርመን አስመጥቶ ያራባውና በየግዛቱ ያከፋፈለው፣ ሰውም ላኩልን እያለ ሲጠይቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጭቃውን እየቆፈረ ውሃውን ሲያደፈርስና የውሃ ውስጥ እፅዋቱን ሲነቅል ያ ሁሉ ፍላጎት ወደ ፀፀት ተቀየረ፣ እስከዛሬ ግን ማውጣት አልተቻለም። ቪክቶሪያ ሀይቅ ላይ ናይል ፐርች የተጨመረው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው፣ ትልቅ የአሳ ንግድ አምጥቷል፣ ይሄ አይካድም፣ ነገር ግን እዛ ሀይቅ ውስጥ ብቻ ይኖሩ ከነበሩ ትንንሽ አሳዎች ወደ 200 የሚገመቱ ዝርያዎች ለመጥፋታቸው ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

"የከተማ ኩሬ ነው፣ ወዴት ይሄዳል?" የሚሉ ሰዎች ይገጥሙኛል። ይሄዳል። ግድብ ማለት ወንዝ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፣ ክረምት ሲመጣ ሞልቶ ይፈሳል፣ ኩሬውም በጎርፍ ጊዜ ከቦይ ጋር ይገናኛል፣ ከዛ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰው በባልዲ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አገር በቀል አሳ ካለ እሱ ይቅደም፣ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ተፋሰስ ሁሉ ታይቶ ይወሰን፣ የጫጩት ማራቢያ ጣቢያው ስላለው ብቻ አይሁን። አገር በቀልም ሆኖ ችግር አለው። ቆሮሶ የምንለው ቲላፒያ ትንሽ ኩሬ ውስጥ የሚበላው አዳኝ አሳ ከሌለ ይራባል፣ ይራባል፣ በመጨረሻ ኩሬው ጣት የምታክል የማታድግ አሳ ብቻ ይሞላል፣ ይሄን ማን ያጠምደዋል? ለሱ መፍትሄው አዳኝ አሳ አብሮ ማኖር ነው፣ ወይ ደግሞ ወንድ ወንዱን ብቻ መጨመር።

ሙቀትም አለ። ትራውት ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨነቃል፣ ወደ 25 ሲጠጋ ይሞታል፣ ቲላፒያ ደግሞ በተቃራኒው ከ10 ዲግሪ አካባቢ በታች አይተርፍም። ቴክሳስ ውስጥ በከተማ መናፈሻ ኩሬዎች ላይ የሚሰሩት ነገር ይሄን ስለሚያውቅ ደስ ይለኛል፣ በጋ ላይ አምባዛ ይጨምራሉ፣ ክረምት ሲበርድ ሬይንቦ ትራውት። ትራውቱ በጋውን እንደማያልፍ ያውቁታል፣ ሰው አጥምዶ እንዲወስደው ብለው ነው የሚጨምሩት፣ ይሄንንም በግልፅ ይናገራሉ። ለትንሽ ኩሬ እንደዚህ ማድረግ ነውር የለውም። ትልቅ ግድብ ላይ ግን አሳው ራሱ እንዲራባ መሆን አለበት፣ የሚራባበት ዳርቻና መደበቂያ ካለው ደግሞ በየአመቱ መጨመር ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል። ዳርቻውን ሁሉ በሲሚንቶ ልስን አድርጋችሁ አሳ አልበዛም ብትሉ ግን የት ይውለድ?

ስለመብላትም ፅሁፋችሁ ምንም አላለም፣ እኔን በጣም ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። መዝናኛ እያልን ብንጠራውም ብዙ ሰው የያዘውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ በተለይ የሚቸገር ሰው። የከተማ ውሃ ደለል ውስጥ ከጎርፍና ከፋብሪካ የመጣ ከባድ ብረት ሊኖር ይችላል፣ አዲስ የተሞላ ግድብ ላይ ደግሞ የሰጠመው አፈርና ቅጠል ሲበሰብስ ሜርኩሪ ወደ አደገኛ አይነቱ ይቀየራል፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ አሳ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ በጣም የሚገኘውም ትልልቆቹ አዳኝ አሳዎች ላይ ነው። ይሄ ደግሞ በመቀቀልም በመጥበስም አይወጣም። ስለዚህ አሳው ይመርመር፣ ውጤቱ ዳር ላይ በትልቅ ፅሁፍ ይለጠፍ፣ ነፍሰ ጡሮችና ህፃናት ምን ያህል መብላት እንዳለባቸው ይፃፍ። ለመብላት የማይሆን ከሆነ ደግሞ ይዞ መልቀቅ ብቻ ይፈቀድ፣ እሱም ስርአት አለው፣ አሳውን በደረቅ እጅ መያዝ ቆዳው ላይ ያለውን መከላከያ ዝልግልግ ያነሳበታል፣ እጅን አርጥቦ፣ ቶሎ መንጠቆውን ነቅሎ፣ የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ሳይነኩ መመለስ ነው።

ብሩ ከየት ይመጣል ለሚለው የሌላው አለም ልምድ አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1950 በወጣ ህግ ከማጥመጃ እቃዎች ላይ የሚሰበሰበው ቀረጥ ተመልሶ ለአሳ ሀብት ይውላል፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አጥማጁ የዘንግ ፈቃድ ይገዛል፣ ከ13 እስከ 16 አመት ያሉ ልጆች በነፃ ያገኙታል፣ ከዛ በታች ያሉት ጭራሽ አያስፈልጋቸውም። ልጆቹን ነፃ ማድረጋቸው ትክክል ይመስለኛል። እዛው እንግሊዝ በ1987 አብዛኛውን የእርሳስ ክብደት ከማጥመጃ ክር ላይ አግደዋል፣ ስዋን የሚባሉት ትልልቅ የውሃ ወፎች እየዋጡት ይሞቱ ስለነበር ነው፣ ይሄን እኛ ገና ስንጀምር ብናስገባው ይሻላል። የማታ መረብም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው በመንጠቆ ወር ሙሉ የማይጨርሰውን አንድ መረብ በአንድ ሌሊት ይጠርገዋል፣ ጠባቂ ካልተመደበ ለማን ነው የጨመርነው?

አዘጋጆች፣ የሚቀጥለው የጫጩት መጨመር ፕሮግራም ላይ ጋዜጠኛ ስትልኩ እባካችሁ እነዚህን ጠይቁልን፣ ኦክስጅኑ ሊነጋ ሲል ስንት ነበር፣ መቼስ ተለካ? ይሄ አሳ ከየት ማራቢያ መጣ፣ በሽታ እንደሌለው ተመርምሯል ወይ? ግድቡ ሲሞላ ውሃው ወዴት ነው የሚሄድ፣ እዛ ምን አሳ ይኖራል? አሳውን መብላት ይቻላል ወይስ አይቻልም? ከአመት በኋላ ስንቱ እንደተረፈ የሚቆጥረው ማነው፣ ለሱ ደግሞ በጀት ተይዟል ወይ? መልሱን እንደነገሯችሁ አውጡት፣ ከአመት በኋላም ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ