እርማቱ የት ገባ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ለዓመታት ጋዜጣ ሳከራይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ የሞባይል ካርድ፣ ቻርጀርና ማስቲካ እሸጣለሁ። እናንተ በኢንተርኔት ዜና የምታወጡት ከገበያ አስወጣችሁኝ ብዬ ልከሳችሁ አይደለም፤ እኔም ዜና የማነበው ከስልኬ ነው።

ጦማሪ የሚለውን ቃል አብዛኛው ደንበኛዬ የለመደው በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩት የዞን ዘጠኝ ልጆች ሚያዝያ 2006 ሲታሰሩ ነው። ያኔ እንኳ ወሬውን ያነበቡት ከእኔ በተከራዩት ወረቀት ላይ ነበር። ነገሩ መገልበጡን በዓይኔ ያየሁት እሑድ መጋቢት 1 ቀን 2011 ነው። ከአዲስ አበባ የመጡትን ጋዜጦች ላስቲክ ላይ ደርድሬያለሁ። አንድ መምህር ደንበኛዬ ሁለት ብሩን ከፍሎ ያገላብጣል። ስልኩ ጮኸ፤ አየት አደረገና ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ጣለው። «ቢሾፍቱ አጠገብ አውሮፕላን ወድቋል» አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ የተነሣው ከጠዋቱ 2፡38 ነው፤ ስድስት ደቂቃ ያህል በሮ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሐዘኑን የገለጸው በትዊተር ነው። የአውሮፕላኖችን ጉዞ የሚከታተለው ፍላይትራዳር24 ደግሞ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ አወጣጡ የተረጋጋ እንዳልነበር በዚያው ቀን አሳወቀ። የእኔ ጋዜጦች ቀድመው የታተሙ ናቸው፤ አንዲት ቃል የለባቸውም። ያን ቀን ጋዜጣ የጠየቀኝ የለም፤ ሰው ሁሉ የሚለው «ካርድ አለህ?» ነው። ሥራ የቀየርኩት ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

እና በፍጥነታችሁ ቅር አልተሰኘሁም። ቅር ያሰኘኝ ባለፈው ወር የሆነው ነው። ጠዋት ገጻችሁ ላይ የፍጥነት መንገዱ ተዘግቷል የሚል ዜና አወጣችሁ። እናቴ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት፤ ሁለት ወር ጠብቀን ያገኘነው። በአሮጌው መንገድ እንዳልወስዳት ወገቧን ታማለች፤ ያንን የከባድ መኪና ሰልፍ አትችለውም። ቀረን። ከሰዓት በኋላ አንድ የማውቀው ሹፌር ካርድ ሊገዛ መጣ። «ማን ዘጋው? ዛሬ ሁለቴ ተመላልሼበታለሁ» አለኝ። ገጻችሁን ብከፍት ዜናው የለም። ታርሞ አይደለም፤ ጭራሽ የለም። እናቴ ዘንድ ውሸታም ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ።

የወረቀት ጋዜጣ ሲሳሳት መደበቂያ አልነበረውም። በሚቀጥለው እትም ጥግ ላይ «እርማት» የምትል ትንሽ ሳጥን ትወጣለች። መጀመሪያ እሷን የሚፈልጉ ደንበኞች ነበሩኝ። አንዱማ «ዛሬ ደግሞ ማንን ገድለው አስነሡ?» እያለ ነበር የሚከራየኝ። ይስቅባችኋል፣ ግን በሳምንቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ዜና ስትቀይሩ የቀየራችሁትን ከላይ ጻፉልን። ስታነሡትም ቦታው ባዶ አይሁን፤ «ይህን ጽፈን ነበር፣ ስህተት ነው» በሉ። ሰዓቱንም ለዩልን፦ «9 ሰዓት» ስትሉ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ እስካሁን አልገባኝም፤ ለመንገድ ዜና ደግሞ የስድስት ሰዓት ልዩነት ብዙ ነው።

ለእናቴ ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቷታል። የዚያን ቀን ጠዋት መንገዱን የምጠይቀው ሹፌሩን ነው፤ ስልኩን ይዣለሁ።

የቀድሞ ጋዜጣ አከራይ፣ ከአዳማ