ግፊት ወረደ ተብሎ የልብ መድኃኒት አይቆምም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሰሜን ሸዋ የልብ ድካም ያለበት ሰው «ግፊቴ 110 በ70 ሆኗል፤ ኢናላፕሪሉ ከእንግዲህ ምን ሊያደርግልኝ?» ብሎ ይህን የግፊትና የልብ ኪኒን መተው የተለመደ ነው። እግሩ ሲያብጥ ደግሞ የሚያሸናውን ላዚክስ ብቻ ይገዛል። መድኃኒቱ የታዘዘው ግን ለግፊት ብቻ አይደለም።

የደከመ ልብ የሚረጨው ደም ሲያንስ ኩላሊት የሰውነት ውኃ የጎደለ ይመስለዋል። ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ በእሱም መነሻነት አንጂዮቴንሲን 2 ይሠራል። ይህ ሆርሞን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ አልዶስቴሮንንም ያስለቅቃል፤ አልዶስቴሮን ጨውና ውኃ ያስቀራል። ኖርአድሬናሊን የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በበኩሉ የልብ ምትን ያፈጥናል። ደም ለፈሰሰው ሰው ይህ ሁሉ ነፍስ ያድናል፤ ለደከመ ልብ ግን የጣርማ በርን ዳገት ለሚወጣ በቅሎ ጭነት መደረብ ነው።

ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይሠራ ስለሚያግድ የደም ሥሩ ይላላል፣ አልዶስቴሮንም ይቀንሳል። ማላላት ብቻውን አይበቃም፤ አምሎዲፒን የተባለው የግፊት ኪኒንም ያላላል፣ የመኮማተር አቅሙ ለደከመ ልብ ግን ዕድሜ አላራዘመም። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ በጽኑ የታመሙ ሰዎች የአልዶስቴሮንን ሥራ የሚያግደው ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊ ግራም ሲጨመርላቸው ግፊታቸው እምብዛም ሳይለወጥ ሞት በ30 በመቶ ቀንሷል። ላዚክስ ውኃውን ያወጣል፤ ብቻውን ሲወሰድ ግን ሬኒንን ይብሱን ይቀሰቅሳል።

ኢናላፕሪል ብዙ ጊዜ በ2.5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እየታየ እስከ 10 ወይም 20 ሚሊ ግራም ሁለቴ ይደርሳል። የኖርአድሬናሊንን ሥራ የሚያግደው ካርቬዲሎል በ3.125 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ያውም እብጠቱ ከጎደለ በኋላ። መጠን በተጨመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በደም ውስጥ ያሉት ፖታሲየምና ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) መመርመር አለባቸው፤ በተለይ ስፓይሮኖላክቶን ከተደረበ። ፖታሲየም ከ5.5 ሚሊሞል በሊትር ካለፈ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

ለጉልበት ሕመም የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ የኩላሊትን የደም ሥር አጥብቦ ጨው ያስቀራል፤ ሁሉንም ያፈርሳል። ተቅማጥ ሲይዝ፣ ወይም ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ወርደው ብዙ ሲያልብ፣ የልብ ኪኒኖቹ ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ቶሎ ሐኪም ማማከር ነው። ጾም ላይ ውኃ ሳይቀምሱ ለሚውሉም ይኸው ነው፤ የኪኒኑን ሰዓት አስቀድመው ይጠይቁ። ደረቅ ሳል ከመጣ በሎሳርታን ይለወጣል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ወዲያው ማቆምና ጤና ተቋም መሮጥ ነው፤ ኢናላፕሪል ዳግመኛ አይወሰድም። እርጉዝ ሴትም አትወስደውም።

የልብ ቫልቩ የጠበበበት ሰው ደግሞ ደሙ የታገደው በሩ ላይ ስለሆነ፣ የደም ሥሩን ማላላት ግፊቱን ብቻ ሊጥልበት ይችላል። የጎረቤት ኪኒን የማይዋሰው ለዚህ ነው።

ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ። በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ውኃ ነው፤ ትንፋሽ እስኪያጥር ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የጤና ባለሙያዎች፣ ከደብረ ብርሃን