ስለ ቤዝ ለጠየቅኸኝ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ስምህን ሳታነሳ አትውልም።

የመጨረሻ መልእክትህ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ቤዙ የሚመታ፣ ለሙዚቃም ለጌምም የሚሆን ኢርፎን ንገረኝ» ትላለህ። ሁለት ክረምት አለፈው። መጀመሪያ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር፤ ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላ ግን ዝም ያልኩት እኔው ነኝ። ቀኑ ሲረዝም አፈርኩ፣ ሳፍር ደግሞ ሌላ ወር ተጨመረ። ይቅር በለኝ።

አሁን መልሱን ይዣለሁ። ከጥር ጀምሮ ባለ ገመድ፣ ጆሮ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ፣ ቤዙ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ኢርፎን እየተጠቀምኩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ተታለልኩ ብዬ ነበር፤ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፣ ቤዝ የሚባል የለውም። ለካ ጥፋቱ ጫፉ ላይ ሆኖ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የላስቲኩ ነው። አብሮት የመጣውን ትልቁን ላስቲክ ባደርግለት ቤዙ ከየት መጣ ሳይባል ሞላ። የጆሮው ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ ቀድሞ የሚያመልጠው ወፍራሙ ድምፅ ነው። የአባይን በረሃ ስንወርድ አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለን እኔ «ይመታል!» ስል አንተ «የታለ?» ትለኝ የነበረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ያንተ ወገን ሁልጊዜ ይወልቅ ነበር።

ዐቢይ ጾምን ሙሉ ማታ ማታ በገና ሰማሁበት። የበገናን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ከ10ሩ አውታር ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው ነው እንደ ንብ የሚያስነዝረው። በዚህ ኢርፎን የወፍራሙ አውታር ድምፅ ደረቴ ድረስ ይሰማኛል፣ ደርዳሪው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል። ንዝረቱ ግን ደበዘዘ፣ የዘማሪውም ድምፅ ወደ ኋላ ሸሸ። ከበሮም ላይ እንደዚያው ነው፤ ትልቁ አፍ ሲመታ ደስ ይላል፣ የትንሹ አፍ መልስ ግን ይዋጣል። ብዙ ከሞከርኩ በኋላ የገባኝ፣ ቤዝ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። ከ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ንዝረት) በታች ያለው፣ በጣም ወፍራሙ፣ ቢጨመር ሰውነት ይነዝራል እንጂ ማንንም አይጋፋም። ከ100 እስከ 250 ያለው ሲያብጥ ነው የወንድ ድምፅ የሚታፈነው። በስልኬ ኢኳላይዘር፣ ማለት በድምፅ ማስተካከያው፣ 200 አካባቢ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቀንስለት ዘማሪው ተመለሰ።

ጌም ላይ ግን ይህ ቤዝ ጠላት ነው፤ እዚህ ላይ አላመነታም። ቦምብ ሲፈነዳ እጅህ ላይ የሚሰማህ ይመስላል፣ ከኋላህ የሚመጣውን የእግር ኮቴ ግን አትሰማም። የጆሮ ጠባይ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ሲበረታ ከእሱ በላይ ያለውን ቀጭኑን ይሸፍናል። ኮቴው ከየት ወገን እንደመጣ የሚነግርህ ደግሞ አብዛኛው ያ ቀጭኑ ነው። ስለዚህ ለጌም ለብቻው ሌላ ማስተካከያ አስቀምጫለሁ፣ ቤዙ በሙሉ ዝቅ ያለ። ብሉቱዙንም ለጌም አታስበው፤ ብዙዎቹ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይዘገያሉ፣ ተኩሱ ከጣትህ በኋላ ይደርሳል።

ደግሞ እባክህ ድምፁን አታስጩኸው። ቤዝ ሲበዛ ግጥሙ አልሰማ ይልህና ሳታውቀው ትጨምራለህ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ከፍ ባደረግኸው መጠን ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ያንተ ጆሮ ያሳስበኛል፣ ስልክ ሳናግርህም ድገመው ትለኝ ነበር።

እንግዲህ የምታደምጠው ከምትጫወተው ከበለጠ ይኸው ዓይነት ይሆንሃል፣ ከማስተካከያው ጋር። ጌሙ ከበለጠ ግን ቤዙ ለዘብ ያለውን ፈልግ። በወሬ ብቻ እንዳትገዛ የራሴን በአክስቴ ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ፤ ቅዳሜ ከማርቆስ ይነሳል። አንድ ወር ያዘው። ላስቲኮቹ በትንሿ ከረጢት ውስጥ ናቸው። ለግራው ጆሮህ ከትልቁ ጀምር።

ያንተው ወንድም
ደብረ ማርቆስ