ጡንቻህ አልሞተም

ኦስሎ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ባለፈው ስልክ ስንነጋገር «ነርቩ ተሰፍቷል፣ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ፤ ጡንቻው ሳይሞት አይቀርም» ያልከኝ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። መስመሩ ባይቆረጥ ኖሮ ያኔውኑ እነግርህ ነበር። እዚህ የምማረው ስለዚሁ ነገር ነውና ልጻፍልህ።

ጡንቻህ አልሞተም፤ ነርቩን እየጠበቀ ነው።

አንድ የጡንቻ ክር በውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ ኒውክሊየሶች፣ ማለትም ጂን የሚቀመጥባቸው የሕዋስ እምብርቶች፣ አሉት። ሁሉም የያዙት ጂን ተመሳሳይ ነው፣ ሁሉንም ጂን ግን ሁሉም አይጠቀሙበትም። ነርቭ ጡንቻውን የሚነካበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። እዚያ ሥር ያሉት ጥቂት ኒውክሊየሶች ብቻ የአሴቲልኮሊን ተቀባይ ያሠራሉ። አሴቲልኮሊን ነርቩ ጡንቻውን «ተኮማተር» የሚልበት ኬሚካል ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ ያንን መልእክት የሚቀበለው የጡንቻው ፕሮቲን ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ በአንድ ካሬ ማይክሮሜትር 10,000 ገደማ ተቀባይ ይታጨቃል። ከዚያ ወጣ ስትል የለም ማለት ይቻላል።

ይህን የሚያዘው ነርቩ ነው። ገና በማህፀን ሳለን ነርቩ ጡንቻው ጋ ሲደርስ አግሪን የሚባል ፕሮቲን ይለቃል። አግሪን በጡንቻው ላይ ሙስክ የተባለውን ፕሮቲን እንዲነቃ ያደርጋል፤ ተቀባዮቹም ነርቩ ሥር ይሰበሰባሉ። ራቅ ያሉትን ኒውክሊየሶች ዝም የሚያሰኛቸው ደግሞ ጡንቻው በሠራ ቁጥር የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ነው።

ነርቩ ሲቆረጥ ኤሌክትሪኩ ይቀራል። ያን ጊዜ ዝም ያሉት ኒውክሊየሶች የተቀባዩን ጂን እንደገና ይከፍቱታል። ከመወለዳችን በፊት የነበረን ዓይነት ተቀባይ ሳይቀር ይመለስና በክሩ ርዝመት ሁሉ ይበተናል። እኔ ይህን ስማር ያሰብኩት አንተን ነበር። እዚሁ ኦስሎ ሎሞና ሮዘንታል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ ነርቭ ያጣውን ጡንቻ በኤሌክትሪክ ሲያሠሩት ጡንቻው ለአሴቲልኮሊን ምላሽ የሚሰጥበት ቦታ ወደ ቀድሞው ተሰበሰበ። በእንቁራሪት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። የጡንቻው ክር ራሱ ጠፍቶ ስሱ ሽፋኑ ብቻ ቢቀር እንኳ፣ ተመልሶ የሚያድገው ነርቭ የድሮ ቦታውን አይስትም።

ጊዜ ግን ይፈጃል። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከክንድህ እስከ ጣቶችህ ስንት ወር እንደሚሆን አንተው አስላው። ጡንቻውም ለዘላለም አይጠብቅም፤ ስለዚህ የሐኪም ቀጠሮ እንዳታሳልፍ። ፊዚዮቴራፒውንም አትተው፤ መገጣጠሚያዎችህ ከደረቁ ነርቩ ቢደርስም ጣቶችህ አይታጠፉም።

አንድ ነገር አደራ። ለሌላ ቀዶ ሕክምና ከገባህ ነርቭህ መጎዳቱን ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገር። ሱክሲኒልኮሊን የሚባል ጡንቻ ማላሊያ መድኃኒት አለ። ብዙ ጡንቻው ነርቭ ባጣ ሰው ላይ እነዚያን የተበተኑ ተቀባዮች ባንዴ ይከፍታቸዋል። ፖታሲየም ወደ ደም ይጎርፍና ልብ ሊያቆም ይችላል። ያንተ ጉዳት አንድ እጅ ላይ ብቻ ቢሆንም ይወቁት።

ለመድኃኒቱ የሚሆን ገንዘብ በወሩ መጨረሻ እልካለሁ። ትንሽ ጣትህ መነቃነቅ ስትጀምር ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ።

እህትህ